ስኳር ይዞ በጅማ መኖር፦ ለሰውነትም ለመንፈስም የሚሆን የቤት አሠራር

ስኳር ከያዘኝ 12 ዓመት ሆነኝ። ግፊቱ ተከትሎ መጣ። ኢንሱሊን የሚባለውን የስኳር መርፌ ከጀመርኩ ደግሞ 5 ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ የተነገረኝ ቀን ከአንድ ጤና ተቋም የወጣሁት አንድ ፌስታል ኪኒንና «ጣፋጭ እንዳትበዪ» የሚል ምክር ይዤ ነው። ሌላውን ሁሉ ቤቴ ውስጥ፣ እየተሳሳትኩ ተማርኩት። ይህን የምጽፈው ዛሬ ያንን ፌስታል ይዞ ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሰው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። «ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው እሆናለሁ» ብላችሁ አትነሡ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ሦስት ሳምንት አልዘለቀም። የሠራልኝ ሌላ ነው። እያንዳንዱን የሕክምና ሥራ ድሮም በቀኔ ውስጥ ባለ ነገር ላይ አንጠለጠልኩት። ጅማ ላይ ቀኑ የራሱ ምሰሶ አለው፤ የጠዋት ጸሎት ወይም ሶላት፣ ማዕዱ፣ ቡናው፣ የማታው እግር መታጠብ። መርፌውም ኪኒኑም እነዚህን ተደግፎ ሲቆም አይረሳም።

የመድኃኒት መጠን የሚወሰነው ከሐኪም ጋር ብቻ ነው። እኔ የማወራው ከካርዱ ውጭ ስላለው ኑሮ ነው።

1. ለሦስት ሰው ንገሩ

መጀመሪያ ላይ ስድስት ወር ደብቄዋለሁ። «ስኳር ይዟታል አሉ» የሚለው ሹክሹክታ ከሕመሙ በላይ ያስፈራኝ ነበር። መደበቅ ግን አደገኛ ነው። ስኳሩ የወረደበት ሰው ምን እንደሆነ ማስረዳት ያቅተዋል። ያን ጊዜ በእናንተ ፈንታ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ከቤት አንድ፣ ከሥራ ቦታ አንድ፣ ከጎረቤት አንድ ምረጡ።

ነገሩን አታስረዝሙት። እኔ ለጎረቤቴ ያልኳት ይህን ነው፦ «ስኳር አለብኝ፣ መርፌ እወጋለሁ። ድንገት ካላበኝ፣ ከተንቀጠቀጥኩ፣ ወይም ያለ ነገሩ ከተነጫነጭኩ ስኳር በጥብጠሽ አጠጪኝ። ራሴን ከሳትኩ ግን አፌ ውስጥ ምንም እንዳታደርጊ፤ በጎኔ አስተኝተሽ ሰው ጥሪና ሆስፒታል ውሰዱኝ።» ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «እናቴም እንዳንቺው ነበረች» አለችኝ። ስድስት ወር የተሸከምኩት ነገር በሁለት ደቂቃ ቀለለ።

2. ስኳር ሲወርድ

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። ከፍ ያለ ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ፣ በዓመታት ይጎዳል። የወረደ ስኳር ግን በደቂቃ ይጥላል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት መርፌዬን ወግቼ «ከገበያ ስመለስ እበላለሁ» ብዬ ወጣሁ። ሽንኩርት እየመረጥኩ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላቡ በአንገቴ ወረደ። ፀሐዩ ነው አልኩ። ብር አውጥቼ ልቆጥር ስል ቁጥሩ ጠፋኝ። ያው አንድ መቶ ብር እጄ ላይ ይገላበጣል፣ ግን ስንት እንደሆነ አላውቀውም። ነጋዴዋ ዓይኔን አየት አደረገችና ከተቀመጠችበት በርጩማ ተነሥታ አስቀመጠችኝ። «ሻይ አምጡ፣ ስኳሩን አብዙበት!» ብላ ተጣራች። ባሏ ስኳር እንዳለበት በኋላ ነገረችኝ። ሻዩን ስጠጣው ስኳሩ ከሥር ገና አልሟሟም ነበር፤ በጣቴ እየጠረግሁ ላስኩት። ትንሽ ቆይቶ ብሩ ተመልሶ ብር ሆነልኝ።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ግራ መጋባት፣ ንጭንጭ። አንዳንድ የግፊት ኪኒኖች የልብ መምታቱን ስለሚደብቁት የእናንተ ኪኒን እንዲህ ያደርግ እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ምልክቱ ሲመጣ እንዲህ አድርጉ፦

- መለኪያ በእጃችሁ ካለ ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል። መለኪያ ከሌለ ምልክቱ ይበቃል፤ ቤት እስክትደርሱ አትጠብቁ።
- ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ወይም የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ግማሹን ጠጡ። ስኳር የሌለበት «ዜሮ» የሚባለው ለስላሳ ለዚህ አይሆንም።
- ተቀመጡ። 15 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና ለኩ። ካልወጣ ያንኑ ድገሙ።
- ሲስተካከል ዳቦ ወይም እንጀራ ቅመሱ፤ አለዚያ ተመልሶ ይወርዳል።

ቸኮሌትና ወተት ለዚህ ሰዓት አይሆኑም። ስባቸው ስኳሩን ያዘገየዋል። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ቋጠሮ ስኳር አለ፣ በሁለት ፌስታል የታሰረ። የጅማን ዝናብ የምታውቁት ለምን ሁለት እንደሆነ ይገባችኋል።

3. መርፌው

«ኢንሱሊን የጀመረ አለቀለት» ይባላል። እኔም አምኜው ሐኪሜ ከመከረኝ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል አዘገየሁ። በዚያ ጊዜ ዓይኔ ደከመ። መርፌው ያመጣው ሳይሆን መርፌውን መሸሼ ያመጣው ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ለሞት ተቃርቦ ሳለ ኢንሱሊን ተሰጠው። በስኳር ሕመም ምክንያት ኢንሱሊን የተወጋ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። መርፌው ከመጀመሪያው የመጣው ሰው ለማትረፍ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። እጅ ታጠቡ። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን አንብቡ። መልኩ ደመና የመሰለውን ዓይነት በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ብላችሁ አንከባሉት፣ አትነቅንቁት። ሲሪንጁ ላይ ያለው ቁጥር ጠርሙሱ ላይ ካለው 100 ጋር የሚሄድ መሆኑን አረጋግጡ። ሆድ ላይ ስትወጉ ከእምብርት ሦስት ጣት ራቁ። መድኃኒቱን ከገፋችሁ በኋላ እስከ አሥር ቆጥራችሁ አውጡ።

ቦታ መቀያየር ግድ ነው። አንድ ቦታ ሲደጋገም ቆዳው ሥር ይጓጉላል፣ መድኃኒቱም እንደ ልብ አይሠራም። እኔ አንድ ሳምንት ቀኝ ሆዴን፣ አንድ ሳምንት ግራዬን፣ ከዚያ ጭኖቼን አዞራለሁ። ቅያሬውን በሰንበት አድርጌዋለሁ፣ እንዳይረሳኝ።

ያገለገለውን መርፌ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ፤ የሚያነሣው የሰው ልጅ ነው። ባዶ የበረኪና ጠርሙስ ወፍራም ነው፤ እዚያ አጠራቅሙትና ከድናችሁ ለጤና ጣቢያ አስረክቡ።

አቀማመጡስ? ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን በፍጹም። አንዴ በረዶ የነካው ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። የተከፈተው ጥላ ባለበት ቤት ውስጥ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የከፈታችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት። ፍሪጅ የሌለው ሰው ሁለት ማሰሮ ይበቃዋል። ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስቀምጡ፣ መሃሉን በአሸዋ ሙሉት፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። መድኃኒቱን በፌስታል ጠቅልላችሁ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ አድርጉና በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ነፋስ የሚያገኘው፣ ፀሐይ የማያየው ጥግ ምረጡለት። በበጋ በደንብ ያቀዘቅዛል። በክረምት እርጥበቱ ስለሚበዛ ማቀዝቀዙ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ግን አየሩ ራሱ ቀዝቃዛ ነው።

4. ማዕዱ

የእኛ አገር ችግር ጣፋጩ ብቻ አይደለም። ከትሪ አብሮ መብላታችን ነው። ከቤተሰብ ጋር ስትበሉ ስንት እንጀራ እንደበላችሁ አታውቁትም፤ ጉርሻው ሲጨመርበት ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ለብቻ በሳህን መብላት መፍትሔ መስሎኝ ነበር። ከማዕድ ስለይ ግን ልጆቼ ዝም አሉ፣ ምግቡም አልወርድ አለኝ። አሁን የማደርገው ይህ ነው። ሁሉም ከመጀመሩ በፊት የእኔን እንጀራ ቆርጬ በትሪው በእኔ በኩል አስቀምጠዋለሁ። ወጡን ከመሃል እቋደሳለሁ፤ እንጀራዬ ሲያልቅ አለቀ። ጎመኑ ግን ወሰን የለውም።

መጠኑን በዓይን ለመገመት ማዕዱን አራት ቦታ ክፈሉት። ሁለቱ እጅ አትክልት ይሁን፦ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ። አንዱ እጅ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ። አንዱ እጅ ብቻ እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ቆጮ። «ጤፍ ስኳር አያነሣም» የሚለውን አትመኑ፤ ያነሣል። ማርም ያነሣል። የጅማ ማር የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ለደማችን ስኳር ነው። አቮካዶ ግን የእኛ ሀብት ነው። በማንኪያ ብሉት፣ ስኳር በተጨመረበት ጭማቂ መልክ አትጠጡት።

ግፊት ላለበት ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ወጥ ውስጥ የገባውም ይቆጠራል። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የምትወስዱ ከምግብ ጋር ውሰዱት፣ ሆድ አይረብሽም። ከበላችሁ በኋላ ለ10 ደቂቃ ግቢ ውስጥም ቢሆን መራመድ ስኳሩን ዝቅ ያደርጋል። በሳምንት 5 ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ከተራመዳችሁ ደግሞ እሰየው። እኔ ዝናብ በሌለበት ጠዋት ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ትንሽ ሄጄ እመለሳለሁ። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ መድረስ የጉልበታሞች ነው።

5. ቡናው

ቡና እንድተው የመከሩኝ አሉ። ጅማ ተቀምጬ! አልተውኩም፤ መተውም አላስፈለገኝም። የተውኩት ስኳሩን ነው። በአንድ ጊዜም አይደለም፤ ከሁለት ማንኪያ ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ግማሽ፣ በወሩ ጨረስኩ። አሁን ስኳር ያለበት ቡና ቢሰጡኝ የቡናው ጣዕም የተሰረቀ ይመስለኛል። በጨው የምትጠጡ ግን ግፊታችሁን አስቡ። የቡና ቁርሱም ምግብ ነው፤ እፍኝ ቆሎ ይበቃል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ግፊት ከመለካታችሁ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አትጠጡ። ቁጭ ብላችሁ፣ ጀርባችሁን ደግፋችሁ፣ 5 ደቂቃ ዝም ካላችሁ በኋላ ለኩ። እኔ ቡናውን እስከ በረካ ጠጥቼ፣ ሮጬ ሄጄ፣ ግፊቴ ከፍ አለ ተብሎ ኪኒን ሊጨመርልኝ ነበር።

ለሚቅሙም አንድ ቃል። ጫት የልብ ምትና ግፊት ያነሣል፣ የምግብ ሰዓት ያስረሳል፣ እንቅልፍ ይነሣል። መርፌ ወግቶ ሳይበሉ መቃም፣ ከዚያ ለስላሳ መደጋገም ስኳሩን ወደ ላይና ወደ ታች ያንገላታዋል። መተው ለጊዜው ካቃታችሁ ለሐኪማችሁ ደብቃችሁ አትለፉት፤ መድኃኒቱን የሚያዝላችሁ ኑሯችሁን አውቆ ነው።

6. እግር

ስኳር ነርቭን ሲጎዳ እግር ሕመም መስማት ያቆማል። ቁስሉ ሳያማችሁ ያድጋል። ክረምት ላይ ብርድ ሲበረታ እግርን ከሰል ላይ ማሞቅ ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ልማዳችን ነው። እኔ አንድ ሐምሌ እንዲሁ አድርጌ፣ ስሜት የሌለው እግሬ መቃጠሉን ያወቅሁት ቆዳው ሲላጥ ነው። ሁለት ወር አስተኛኝ። ውሃውን በክርናችሁ ሞክሩ፤ ለብ ያለ ብቻ ይሁን። ለብርዱ ካልሲ ይሻላል።

ማታ ማታ እግር ስትታጠቡ ተመልከቱት። መርገጫውን በትንሽ መስታወት እዩ፣ ወይም ልጅ ያይላችሁ። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ለሶላት ውዱእ ስታደርግ በቀን አምስት ጊዜ እግሯን ታያለች። እኔ በአንዱ እንኳ እሰንፋለሁ። ዋናው ከታጠቡ በኋላ ያለው ነው፦ በጣቶቹ መካከል በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጉ። እርጥበቱ እዚያ ከቀረ ቆዳው ይላላል፣ ይሰነጠቃል። ቅባት ለተረከዝ ነው፤ በጣቶች መካከል አትቀቡ። ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት ውስጡን በእጅ ዳብሱ። ጭቃው ቢያስቸግርም ቤት ውስጥም በባዶ እግር አትሂዱ። ትንሽ ቁስል ካያችሁ ያኑ ቀን ወይም በማግስቱ አሳዩ፣ ሳምንት አትጠብቁ።

7. ጾም

ይህን ከባድ ጥያቄ ብዙ ሰው ለብቻው ይወስነዋል። አትወስኑት። ለሙስሊሙ በሱረቱል በቀራ የታመመ ሰው ሌላ ቀን እንዲያካክስ ተፈቅዶለታል። ለኦርቶዶክሱም ስለ ሕመሙ የነፍስ አባቱን ማማከር ሥርዓት ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው አነጋግሩ፤ ሐኪማችሁንና የሃይማኖት አባታችሁን። ከረመዳን ወይም ከዐቢይ ጾም አንድ ወር ቀድማችሁ ይሁን፣ መርፌው ሰዓቱና መጠኑ መቀየር ስላለበት።

ሐኪም ፈቅዶላችሁ የምትጾሙ ከሆነ በጾም ሰዓት ለኩ። ስኳሩ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙን ያኔውኑ ግደፉ። የእኔ የነፍስ አባት ስለ ሁኔታዬ ስነግራቸው «ልጄ፣ ከምግቡ ሰዓት ፈታሁሽ፣ ከምላስሽ ጹሚ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ቁርሴን የምበላው ሳልሳቀቅ ነው።

8. መንፈስ

ሰውነቱ በሥርዓት ተይዞ መንፈስ የሚሰበርበት ጊዜ አለ። «እኔ ምን አድርጌ?» የሚለው ጥያቄ ሌሊት ይመጣል። እኔ ጋ ሦስተኛው ዓመት ላይ ነበር የከበደኝ። ሰው ሁሉ ለምዶት «ደህና ነሽ አይደል?» ማለት ሲያቆም። በዚያ ጊዜ የረዱኝን ልንገራችሁ።

ቁጥርን እንደ ፍርድ አለማየት። 240 ካነበባችሁ ኃጢአት አይደለም፤ መረጃ ነው። ከጎኑ «ለቅሶ ነበር»፣ «አልተኛሁም» ብላችሁ ጻፉ። ጭንቀትም እንቅልፍ ማጣትም ስኳር ያነሣሉ።

ቤተሰብን ማስተማር። የኔዎቹ ትሪ ላይ ዓቃቤ ሕግ ሆነውብኝ ነበር፤ «እማ ተይ!» በየጉርሻው። አንድ ቀን ረጋ ብዬ «አትከልክሉኝ፣ አብራችሁኝ ተራመዱ» አልኳቸው። ትንሿ ልጄ እስከ ዛሬ ማታ ማታ ክንዴን ይዛ ግቢውን ትዞራለች። ስለ ትምህርት ቤቷ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በዚያ ዙር ነው።

ጸሎትና መድኃኒትን አለማጣላት። እኔ ጠዋት ኪኒኔን በጸበል እውጣለሁ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል፤ ለስኳሩም ያው ነው። «መድኃኒቱን ጥለሽ እመኚ» የሚላችሁ ሰው ቢመጣ፣ በፍቅር ቢልም አትስሙት። ኢንሱሊን በድንገት ማቆም ይገድላል።

ከሰው አለመቅረት። የእድር ድንኳን መትከል ካቃታችሁ መዝገብ ያዙ። ለቅሶ ቤት ማደር ካልቻላችሁ በቀን ሂዱ፤ ምሳችሁን በልታችሁ፣ ስኳር በቦርሳችሁ ይዛችሁ። ታማሚ ሁልጊዜ ተቀባይ ሲሆን ይደክመዋል። እኔ አዲስ ስኳር ለተገኘባቸው ሦስት የሰፈሬ ሴቶች መርፌ አያያዝ አሳይቻለሁ፤ ከእነሱ ይልቅ የጠቀመው እኔን ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ምግብም ሰውም ካስጠላ፣ እንቅልፍ ከጠፋ፣ መኖር ከከበደ፣ እሱ ስንፍና ወይም የእምነት ማነስ አይደለም። ድባቴ ይባላል፤ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ሕክምናም አለው። በዚሁ በስኳር ክትትላችሁ ቀን ንገሩ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ እዚያ መታየት አያሳፍርም። ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ለቅርብ ሰው ተናገሩና አብራችሁ ሂዱ።

9. የቀጠሮ ዋዜማ

በዋዜማው ማታ የሚዘጋጅ፦ ካርዱ፣ የለካችሁበት ደብተር፣ የኪኒኖቹ ባዶ ማሸጊያ፣ የጤና መድን ደብተር ካላችሁ እሱ፣ ዳቦና የስኳር ቋጠሮ። ደም በባዶ ሆድ ከሆነ የሚሰጠው፣ የጠዋቱን መርፌ ምን እንደምታደርጉ ቀድማችሁ ጠይቁ። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሳትበሉ ወግታችሁ እንዳትቀመጡ። በዓመት አንድ ጊዜ ዓይን፣ ኩላሊትና እግር መታየት አለባቸው። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የስኳር ምርመራም (HbA1c) ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ሊዘለል ይችላል።

ጥያቄያችሁን ቤት ጻፉ፣ ሦስት ይበቃል። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ የሚያሳፍራችሁን አስቀድሙ። ልትወጡ በሩ ላይ እስክትደርሱ ካቆያችሁት «ደህና ዋሉ» ተብሎ ይቀራል። ወረቀቱንም ካርዱንም በፌስታል ጠቅልሉ፤ ከባጃጅ ወርዳችሁ በር እስክትደርሱ ዝናቡ አይቀርም።